የአስከሬን ምርመራ ለፖሊስ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በደብዳቤዎች ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ የአስከሬን ምርመራ የሟችን ክብር የሚነካ፣ የሐዘንተኛን ለቅሶ የሚያራዝም፣ ፖሊስ ካላዘዘ በስተቀርም ሊደረግ የማይገባው ነገር መሆኑን ጽፈው አነበብሁ። ጸሐፊው ከልብ አዝነው እንደ ጻፉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ እኔም ለሙታን ክብር ግድ የሌለኝ ሰው አይደለሁም። በጅማ ከተማ በሄርማታ አካባቢ በሚገኝ አንድ እድር ውስጥ 19 ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ድንኳን ሳይተከል ያለፈ ወር ብዙም ትዝ አይለኝም። በዚህ ጉዳይ ግን ከአንባቢው ጋር ልስማማ አልቻልሁምና ምክንያቴን እንዳስረዳ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በእድራችን መዝገብ የሟች ስም፣ የቀብሩ ቀን፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብና ወደ ለቅሶ ቤቱ የተላከው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል። ሰውየው በምን እንደ ሞተ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ በገጹ ኅዳግ ላይ አንዳንድ ቃል የማኖር ልማድ ነበራቸው፤ እኔም ልማዱን ቀጠልሁበት። ከእነዚያ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙት ሁለት ናቸው፦ «ታሞ» እና «በድንገት»። «በድንገት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አልቆጠርሁም፤ ከቃሉ በስተጀርባ ምን እንዳለ መጠየቅ የጀመርሁት ግን በአንድ ጎረቤታችን ሞት ምክንያት ነው።

ሰውየው የ41 ዓመት ጎልማሳ፣ የቡና ጆንያ በመጫንና በማውረድ የሚተዳደር ነበር። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ወጌሻ አቃንቶ በቀርከሃ ካሰረለት በኋላ አንድ ወር ያህል ከአልጋው ሳይወርድ ተኛ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ ቡና አፍልታ ሰጠችው። ጠጥቶ ሳይጨርስ ወደ ደጅ ለመውጣት ተነሣ፤ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ ትንፋሽ አጠረው፣ ደረቱን ይዞ ወደቀ፣ ሰው ደርሶ ሳያነሣው ሕይወቱ አለፈ። ለለቅሶ የደረሱት ወንድሞቹ መጀመሪያ ያዩት ያልተጠጣ ቡና የቀረበትን ስኒ ነው። ባልና ሚስቱ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ገንዘብ ሲጨቃጨቁ የሰማ ጎረቤትም ነበር። ከቀትር በኋላ «አቅምሳው ነው» የሚለው ቃል ከድንኳኑ አንድ ጥግ ተነሥቶ ሌላው ጥግ ደርሶ ነበር፤ ማታውን ሴትዮዋ ሁለት ልጆቿን ጎረቤት ዘንድ ትታ ታሰረች።

አስከሬኑን የመረመሩት ባለሙያ ያገኙት መርዝ አልነበረም። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ዋና የደም ሥር የዘጋ ረዘም ያለ የረጋ ደም አገኙ፤ የዚያው የረጋ ደም ቅሪት ደግሞ በተሰበረው እግር ባት ውስጥ ባሉት ጥልቅ የደም መላሾች ውስጥ ተገኘ። ከጨጓራውና ከደሙ በተወሰደው ናሙና ምንም ዓይነት መርዝ አልታየም። ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ ግን ሰባት ሳምንት አለፈ፤ ሴትዮዋም ባሏን ሳትቀብር ሰባት ሳምንት ታስራ ቆየች። ወረቀቱ ከመጣ በኋላም ጉዳዩን ከያዙት ሰዎች ማንም ቤተሰቡን አስቀምጦ ያስረዳ አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበርና ወንድሞቹ አንብብልን ብለው ወደ እኔ ይዘውት መጡ፤ ዕውቀቴ ስላልበቃኝ እኔም ወደማውቀው ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ አንዴ በአማርኛ አንዴ በአፋን ኦሮሞ እያደረገ ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዳን። ሰምቶ ሲያበቃ የሟች ታላቅ ወንድም የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «እያደርን ብናንቀሳቅሰው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» ሐኪሙም እውነቱን አልሸሸገውም፤ ሊተርፍ ይችል እንደ ነበር ነገረው።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም። ምርመራው አንዲትን ንጹሕ ሴት ከክስ ከማዳኑም በላይ፣ ማንም ያላሰበውን ሌላ ነገር ገልጧልና። ከእግር ደም ሥር ተነሥቶ የሄደ የረጋ ደም ሳንባን እንደሚዘጋ ያስረዳው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾው ነው፤ እርሱም ይህን ያወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በርሊን ውስጥ አስከሬን እየመረመረ ነው። ዛሬ ሐኪሞች አጥንቱ የተሰበረን፣ ትልቅ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ወይም አራስ ሴትን ቶሎ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ የሚሉት፣ ለሚያሰጋቸውም ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚሰጡት ከዚያ ዕውቀት ተነሥተው ነው። በእኛ ሰፈር ግን የተሰበረ ሰው «አትነቃነቅ» ይባላል፤ አራስም ከአልጋ እንዳትወርድ ትጠበቃለች። በመዝገቤ ኅዳግ ላይ «በድንገት» ተብለው ከተጻፉት መካከል በወለዱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ያረፉ ሁለት እናቶች አሉ። አልተመረመሩም፤ ስለዚህ በምን እንደ ሞቱ እኔ ልናገር አልችልም። በአንደኛዋ ለቅሶ ላይ ግን መጋኛ መታት፣ በሌላይቱ ደግሞ የሰው ዓይን በላት ሲባል ሰምቻለሁ።

ከሰል በእኛ ከተማ ከዚህ የማያንስ አደጋ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲበረታና ብርዱ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ከሰል ያያያዙበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው በርና መስኮት ዘግተው የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ። ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ቁስል የለም፣ ደም የለም፣ ትግል የተደረገበት ምልክት የለም፤ ወዲያው የሚነሣው ወሬ ማታ ስለ በሉት ምግብና ምግቡን ስላቀረበው ሰው ነው። መርማሪ ሐኪም ግን አስከሬኑን ገልብጦ ሲያይ ደም የተጠራቀመበት ቆዳ ወይን ጠጅ መምሰል ሲገባው ደማቅ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ከከሰሉ የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ከደም ቀይ ሕዋሳት ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ሰውየው እየተነፈሰ አየር ያጣል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አይነቃበትም። የደም ናሙና ምርመራ ነገሩን ያረጋግጠዋል። ውጤቱ ለሰፈሩ ቢነገር በዚያው ሌሊት ስንት ማንደጃ ከመኝታ ቤት ይወጣ እንደ ነበር ሳስብ፣ ሳይመረመሩ የተቀበሩት ያሳዝኑኛል።

በእኔ አስተያየት ለምርመራው ጠቃሚነት ከሁሉ የበረታው ማስረጃ በዘር የሚወረሰው የልብ ሕመም ነው። እግር ኳስ የሚወዱ አንባቢዎች ካሜሩናዊውን ማርክ ቪቪየን ፎኤን አይረሱትም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አገሩ ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት፣ ማንም ሳይነካው በሜዳው መካከል ወደቀ፤ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። የመጀመሪያው የአስከሬን ምርመራ የሞቱን መነሻ በትክክል አልለየውም፤ ሁለተኛው ምርመራ ግን የልቡ ጡንቻ ከመጠን በላይ የወፈረ እንደ ነበር ገለጠ። ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1958 በዝርዝር የጻፈው ዶናልድ ቲር አስከሬን መርማሪ ሐኪም ነበር፤ ለንደን ውስጥ ጤነኛ መስለው በድንገት የሞቱ ወጣቶችን ልብ እየመረመረ ነው የደረሰበት። የጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ልብ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚህ ሕመም የተያዘው ግን 500 ግራምና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የልቡን ቀኝና ግራ የሚለየው ግድግዳ ይወፍራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ተሰልፈው መሄድ የነበረባቸው የጡንቻ ክሮች በአውድማ ላይ እንደ ተበተነ ጭድ ተዘበራርቀው ይገኛሉ። ሕመሙ ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ የሚገኝ ሲሆን፣ ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አብዛኞቹ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ጠግበው ይኖራሉ፤ የሚያሰጋቸውን ግን በልብ አልትራሳውንድ መለየት፣ በመድኃኒትና በምክር መጠበቅ ይቻላል። እንግዲህ አንድ ወጣት በድንገት ሞቶ ሳይመረመር ሲቀበር፣ በለቅሶው ላይ ቁጭ ብለው የሚያለቅሱት ወንድሞቹና ልጆቹ ያው ልብ በደረታቸው ውስጥ ይኑር አይኑር ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሟችን ክብር ስለ መጠበቅ ስንናገር የእነዚህን ሕይወት ከሒሳብ ልናወጣው አይገባም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል የራሳችንን አገር ሁለት ምሳሌዎች ላንሣ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ አንድ አካባቢ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሰውነታቸው እየከሳ ይሞቱ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም በሽታው ምን እንደሆነ አልታወቀም። የጉበት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይና እህሉ ሲመረመር፣ የጉበትን ጥቃቅን ደም መላሾች የሚዘጋ፣ ከአረም የሚመጣ መርዝ ወደ ተጠርጣሪነት ቀረበ፤ አረሙ ከእህሉ ጋር አብሮ እየታጨደና እየተፈጨ ወደ እንጀራው ይገባ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛ ቀይ አፈር ጋር የሚገናኝ ነው። ዝሆኔ ብለን የምንጠራው የእግር እብጠት ከትንኝ በሚመጣ ትል ብቻ እንደሚከሰት በሚታሰብበት ዘመን፣ ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በደጋው የአገራችን ክፍል በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ገበሬዎች ብሽሽት የንፍፊት ናሙና ወስዶ አስመረመረ። በንፍፊቱ ውስጥ የተገኘው ትል አልነበረም፤ ከአፈሩ በእግር ቆዳ በኩል የገቡ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ነበሩ። በሽታው በዘር እርግማን የሚመጣ ሳይሆን ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ የሚከላከሉት መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ሁለተኛው ስለ ሞት አይደለም፤ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ማለትም በሽታን ከሥጋና ከደም ናሙና የሚለይ ሐኪም፣ ከቁራጭ ሥጋ ምን ሊያነብ እንደሚችል ስለሚያሳይ ግን ልተወው አልወደድሁም።

«ሐኪም በሕይወት እያለ መርምሮታል፤ ከሞተ በኋላ ምን ቀረ?» የሚሉም አሉ። በአሜሪካ ቦስተን በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል በ1960፣ በ1970 እና በ1980 እ.ኤ.አ. ከተደረጉት የአስከሬን ምርመራዎች መካከል ከየዓመቱ 100 ያህሉ ተወስደው ከሐኪሞቹ የቀድሞ ውሳኔ ጋር ተነጻጽረው ነበር። በሦስቱም ዘመናት ከመቶው አሥር በሚሆኑት ላይ፣ በሕይወት እያሉ ቢታወቅ ኖሮ ሕክምናቸውን ሊለውጥና ዕድሜያቸውን ሊያራዝም ይችል የነበረ ሕመም ተገኝቷል። በመካከሉ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ሥራ ላይ ውለው ነበር፤ ቁጥሩ ግን አልቀነሰም። መሣሪያው በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ በሞት ወረቀት ላይ «የልብ ድካም» ወይም «የሳንባ ምች» ተብሎ የሚጻፈው ምን ያህል እንደሚታመን ሐኪሞቻችን ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል። ይህን የምለው ሐኪሞችን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚማሩበት መንገድ እንዳይዘጋባቸው ነው።

በእርግጥ ምርመራው ሁሉን አይገልጥም። ልቡ በቅርጹ ምንም ጉድለት የሌለበት፣ የምቱ ኤሌክትሪክ ብቻ ተዛብቶበት የቆመ ሰው፣ በቢላዋም በማይክሮስኮፕም ቢፈለግ ምክንያቱ ላይታይ ይችላል፤ አንዳንዱ የሚደረስበት በዘረ መል ምርመራ ነው። አስከሬኑ ከቆየም ብዙ ምልክት ይጠፋል። ቢሆንም «ተመርምሮ ምንም አልተገኘም» ማለትና «አልተመረመረም» ማለት ለአንድ ለተጠረጠረ ሰው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ከጅማ ብዙም ሳይርቅ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትንና ሞትን እየተከታተለ ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ጠያቂዎች ወደ ቤተሰቡ ሄደው ሟቹ ከመሞቱ በፊት ያሳየውን ምልክት ሁሉ በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ ሐኪሞችም ከዚያ ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። ይህ እጅግ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ብዙው ሰው በቤቱ በሚሞትበት አገር ሌላ አማራጭ በሌለበት ጊዜ የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ «ደረቱን ይዞ ወደቀ» የሚለው የቤተሰብ ቃል ለተዘጋ ሳንባም፣ ለተሰነጠቀ ዐቢይ የደም ሥርም፣ ለቆመ ልብም እኩል ይስማማል። ቃሉ ሊለየው ያልቻለውን የሚለየው አካሉ ራሱ ነው።

አካሉን ሙሉ በሙሉ ሳይከፍቱ መመርመርም እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። በሐረርና በምሥራቅ ሐረርጌው ቀርሳ፣ ማለትም የእኛው የጅማ ዞን ቀርሳ ባልሆነው፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች ወላጆችን አስፈቅደው ከሞቱ ሕፃናት ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎልና ደም በመርፌ ብቻ ናሙና ይወስዳሉ። አስከሬኑ አይከፈትም፤ ለቤተሰቡም ለቀብር ይመለሳል። ይህ ዘዴ በተላላፊ በሽታ የሞቱትን ለመለየት የበረታ ነው። በደም ሥር ውስጥ የተሰነቀረ የረጋ ደምን ግን በመርፌ መፈለግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የጎረቤታችን ሞት ምክንያት በዚህ ዘዴ ሊታለፍ ይችል እንደ ነበር መታወቅ አለበት። ሁለቱ መንገዶች አንዱ ሌላውን አይተኩም፤ ለቤተሰብ ግን ምርጫ ይሰጣሉ።

ቀብር እንዳይዘገይ የሚለው ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። በከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሟቹን በቶሎ አፈር ማልበስ ይወዳል፤ የሃይማኖቱን ፍርድ እኔ ልሰጥ አልደፍርምና ለሼሆቻችንና ለካህናቱ እተዋለሁ። የማውቀውን ብቻ ልናገር፦ ምርመራው ራሱ የሰዓታት ሥራ ነው፤ የተከፈተው በጥንቃቄ ይሰፋል፣ የራስ ቅሉም ስፌት ከፀጉር በታች ይውላል፣ የተገነዘውን ያየ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ቀናት የሚፈጀው ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የሚደረገው ነው፤ ናሙናው ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚጠብቅ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ይቆያል፣ በቀለጠ ሰም ውስጥ ተከትቶ እንዲጠጥር ይደረጋል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ሦስቱን ወይም አምስቱን በሚያህል ስሱነት ተቆርጦ ይቀለማል። ለዚህ አስከሬኑ መቆየት አያስፈልገውም። ቀብርን ለቀናት የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ መንገዱና ወረፋው ነው። ለረጅም ዘመን ምርመራ የሚያስፈልገው አስከሬን ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይጓጓዝ ነበር፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ጥፋቱ የሐኪሞቹ አልነበረም፤ ለአንድ አገር ሕዝብ የነበሩት ባለሙያዎች ጥቂት ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ሐኪሞችን በፓቶሎጂና በፎረንሲክ ሕክምና (ለፍርድ ማስረጃ በሚሆን የሕክምና ምርመራ) ማሠልጠንና በየክልሉ መመደብ ለቀብር ክብር ሲባልም የሚደረግ ነገር ነው።

ሌላም ልጠይቅ። ምርመራ የተደረገለት ሟች ቤተሰብ ውጤቱን ከባለሙያ አፍ፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ተቀምጦ የመስማት መብት ይኑረው፤ ወረቀቱም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አጭር ማብራሪያ ይታከልበት። አንዲት ሴት በሐሜት ከታሰረች ውጤቱ በሳምንታት ሳይሆን በቀናት እንዲደርስ የሚመለከተው ሁሉ ይትጋ። የጎረቤታችን ሚስት ከተፈታች በኋላ የውጤቱን ቅጂ ለምና ወስዳለች፤ ወንድሞቹም ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ እስከ አሁን ድረስ ግን ቡና አፍልታ ሰው ስትጠራ እሺ ብለው የማይመጡ ጎረቤቶች አሉ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እኛ ግን ሞቱን ደብቀን ለሕያዋን መድኃኒት ያሳጣን ይመስለኛል።

የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ በመጪው ጥቅምት ይሰበሰባል። በመዝገባችን ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል ዓምድ እንዲከፈት፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ ምርመራ ለሚደረግለት ሟችም የመጓጓዣውን ወጪ እድሩ እንዲሸፍን ሐሳብ አቀርባለሁ። የፓቶሎጂ ባለሙያዎች በጋዜጣችሁ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ቢሰጡ፣ በተለይም ቤተሰብ ስንት ሰዓት ሳያልፍ መወሰን እንዳለበትና ማንን መጥራት እንደሚገባው ቢያስረዱ፣ ጋዜጣውን ይዤ ገብቼ ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ጸሐፊ
ጅማ